የአብቲ ዐብዲሐኪም ግመሎች

እንጀራዬ ሸሚዝ መገልበጥ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ስፌት ቤቶች በአንዱ፣ የተሰፋው ሁሉ ከመታጠፉ በፊት በእጄ ያልፋል። ውስጡን ወደ ውጭ አወጣለሁ፣ ስፌቱን በጣቴ እከተላለሁ፣ የተረሳ ክር ካገኘሁ እቆርጣለሁ፣ መልሼ ገልብጬ አሳልፋለሁ። አዲስ የሚገቡት ልጆች «ኢዲል፣ ቀኑን ሙሉ እንዴት አይሰለችሽም?» ይሉኛል። አይሰለቸኝም። የልብስ ጉድ ያለው ውስጡ ነው ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። እኔ ግን ጉዱ ውጩ ላይ የነበረ አንድ ሸሚዝ አይቻለሁ። ዘይት በጠፋበት ዓመት ነው።

የትኛው ዓመት ብትሉኝ አልፈርድባችሁም፤ ብዙ ናቸው። እኔ የምለው ስምንት ዓመት ገደማ ሆኜ ያየሁትን ነው።

አንድ ቀን ሬዲዮው በዘይት ላይ ዋጋ ተተምኗል፣ ከዚያ አስበልጦ የሸጠ ነጋዴ ወዮለት አለ። ሆዮ እልል አለች። ሆዮ የምንለው እናታችንን ነው፤ ስሟ ማርያን፣ ሥራዋ ሳምቡሳ መጥበስ። አባቴ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ይበዛ ነበርና የምንኖረው በሳምቡሳው ነው። በማግስቱ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች። ዘይቱ ረክሷል፣ ግን የለም።

«ድሮ ውድ ሆኖ እናየው ነበር» አለች ኤዶ ፋዱማ፣ የአባቴ እህት። «አሁን ረክሶ ማየት አቃተን። አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ውሃ ላይ ዋጋ እንዳይተምኑ ዱዓ አድርጉ።»

በዚያው ሰሞን አብቲ ዐብዲሐኪም ምሳ መምጣት ተወ።

አብቲ ማለት የእናት ወንድም ነው። ዐብዲሐኪም የሆዮ ታናሽ ነው፤ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ሸሚዝ ይሸጥ ነበር። የሚሸጠውን መጀመሪያ ራሱ ለብሶ ሰፈሩን አንድ ዙር ይዞርበታል። በድሬ ሙቀት፣ ሰው በሽርጥና በካናቴራ በሚውልበት አገር፣ እሱ እጅጌውን አጥፎ፣ ኮሌታው እንዳይቆሽሽ አንገቱ ላይ መሐረብ ጣል አድርጎ ይመጣል። አንዲት የሳምቡሳ ፍርፋሪ ደረቱ ላይ ብትወድቅ ሐዘን ይቀመጣል።

«አብቲ የት ሄደ?» አልኩ።

ሆዮ ሊጥ እያሸች ነበር። እጇ ቆመ።

«ጀልዴሳ» አለች።

«ምን ሊሠራ?»

«ግመል ሊጠብቅ» አለች ኤዶ ፋዱማ ከበሩ ጥግ።

«የማን ግመል?»

ሁለቱ ተያዩ። «የራሱ» አለች ሆዮ።

በዚህ ዓይነት አጎቴ ባለግመል መሆኑን አወቅሁ። ክፍል ውስጥ አብሮኝ ለሚቀመጠው ለቡልቻ ነገርኩት። «ሸሚዝ እየሸጠ?» አለ። «ሸሚዙን ግመሎቹ ናቸው የሚሸከሙለት» አልኩት። ቡልቻ በሐሳቡ ሲያየው ልክ መጣለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ዕቃዬን ይይዝልኝ ነበር።

አጎቴ ጀልዴሳ፣ ከድሬ ወጣ ብሎ ባለው የግመል አርቢዎች መንደር፣ አልነበረም። በሕይወቱ ግመልን የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። በሰፈሩ ስብሰባ ተነስቶ «ይቅርታ፣ ዘይቱ የት ሄደ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ለማብራሪያ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። የነበረው፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ በአጠገቡ የምናልፍበት፣ አጥሩ ቢጫ የተቀባ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሆዮ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስር ነበር። ጫማዋ ማሰሪያ እንደሌለው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ምሳም ነበር። ሆዮ በየቀኑ ሩዝ በሳህን፣ ሳህኑን በፎጣ ጠቅልላ ትወጣለች፤ እንደተጠቀለለ ይዛው ትመለሳለች። ማታ እኛ እንበላዋለን። አብቲ ከጀልዴሳ የሚልክልን ይመስለኝ ነበር። «ጎበዝ ነው፣ አልረሳንም» እላለሁ። ሆዮ ተነስታ ደጅ ትወጣለች።

አንድ ጠዋት ይሳቅ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ መጣ። ይሳቅ የቀበሌው ሰው ነው፤ ከአጎቴ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ፣ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው መሬት መሬት የሚያይ። ከላይ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጡ ከየቤቱ አንድ ሰው ለስብሰባ እንዲወጣ፣ ያልወጣ ዘይት እንደማያገኝ አስታወቀ።

«የወጣስ?» አለችው ኤዶ ፋዱማ።

ይሳቅ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። «የወጣ... ይጠብቃል።»

«ወንድ ልጅ የወጣ ነበረ፤ እየጠበቅነው ነው።»

ይሳቅ ማጉያውን መልሶ አፉ ላይ ደቀነና ለሚቀጥለው ቤት ጮኸ።

በዚያን ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ሴቶቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። እኔ ፍራሽ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተጋድሜአለሁ። ልጅ ዓይኑን ከጨፈነ ጆሮውም የሚጨፈን ይመስላቸዋል።

«አፍ ይዞ የሄደ ምን እንደሆነ አይተናል» አለች አንዷ። «እኔ ትንፍሽ አልልም።»

«እና ሄደን እንደ ጆንያ ልንቀመጥ ነው?»

«ማነው ዝም እንላለን ያለው?» የኤዶ ፋዱማ ድምፅ ነው። «እንናገራለን። ለሱ ግን አይደለም።» በሽፋሽፍቴ መሐል አየኋት፤ ጣቷ ወደ ጣሪያው ተቀስሯል። «እናቶቻችን ድርቅ ሲገባ እንዴት ነበር ሜዳ የሚወጡት?»

«ልብሳቸውን ገልብጠው።»

«አበቃ።»

«ፋዱማ፣» አለች ሆዮ ቀስ ብላ፣ «እሱ እኮ ለዝናብ ነው።»

«ማርያን፣ ጌታ የተገለበጠ ልብስ ሲያይ ኑሮው የተገለበጠበት ሰው መሆኑን ያውቃል። ከላይ የሚያወርደው ዝናብ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? ወንድምሽንስ እንዲመልስልሽ አትለምኚም?»

እኔ ይቺን የመጨረሻዋን እንደሚመቸኝ አድርጌ ተረዳኋት። ጀልዴሳ ደርቋል፣ የአብቲ ግመሎች ውሃ አጥተዋል፣ ዝናብ ከዘነበ ጠግበው ይጠጣሉ፣ እሱም ይመለሳል። ጥሩ ነው። ግን ደነገጥሁ። ምክንያቱም ዝናብ ማለት ደቻቱ ነው።

ደቻቱን ለማያውቅ፣ መሐል ከተማችንን የሚሰነጥቅ አሸዋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው በላዩ ይሄድበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፍ ሲመጣ ሰማያችን ጥርት ያለ ነው፤ ዝናቡ እላይ ተራራው ላይ ዘንቦ እኛ ጋ የሚደርሰው ጎርፉ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ የኤዶ ፋዱማን ቤት ከነመዝጊያው ወስዶታል። ኤዶ ፋዱማ የሬዲዮ ዜና ሲያልቅ «እነሱ ላይ ያካፋል፣ እኛን ጎርፍ ይወስደናል» ትል ነበር፤ ሁልጊዜ ስለ ወንዙ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሴቶች የአብቲን ግመሎች ለማጠጣት እኛን ሊያሰምጡን ነው። አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል አልኩ።

የስብሰባው አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ሴቶቹ ግማሹን አዳራሽ ሞልተው ጋርባሳራቸውን፣ ማለት ትከሻቸው ላይ የሚጥሉትን ነጠላ ሻሽ፣ ገልብጠው ተቀምጠዋል፤ አበባው ሁሉ ከጀርባው ስለሚታይ በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። እኔ በሆዮና በኤዶ ፋዱማ መሐል ተወትፌአለሁ።

እንግዳው ከነኮታቸው ገቡ። በድሬ ቀትር! አዳራሹ በአንድ ድምፅ «እ!» አለ። ከኋላቸው ካሜራ ተሸካሚ፣ ከዚያ ደግሞ በር ላይ የቀረ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ዘይት የጠፋው ኑሯችን ስለተሻሻለ ነው አሉ። ድሮ ያልጠበሰ ሁሉ ዛሬ መጥበስ ጀምሯል፤ እጥረቱ የዕድገት ምልክት ነው። የሆዮ መጥበሻ ከቀዘቀዘ መሰነባበቱን ስለማውቅ ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«አሁን አስተያየት» አሉ እንግዳው።

ማራገቢያው ዞረ።

«እናቶች፣ ነፃ ሁኑ። ይሄ የናንተው ቤት ነው።»

ማራገቢያው ዞረ። አንዲት ሕፃን አስነጠሰች፣ እናቷ ወንጀል እንደሠራች ሁሉ አፏን ያዘቻት። ያኔ ነው እንግዳው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩት።

«ምንድነው? ልብሳችሁን ሁላችሁም ነው የገለበጣችሁት። አቶ ይሳቅ፣ ምን ማለት ነው?»

ይሳቅ የድሬ ልጅ ነው፤ ያውቃል። የዝናብ ልመና በአዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት እንደማይደረግም ያውቃል። አፉን ከፍቶ ቀረ። በሩ ላይ የነበረው ሰው መነጽሩን አወለቀ።

ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ጣቴን አወጣሁ።

«ዝናብ እየለመኑ ነው!»

የኤዶ ፋዱማ እጅ ጉልበቴን እንደ ጉጠት ያዘኝ። እኔ ግን አንዴ ተነስቻለሁ። «ለአጎቴ ግመሎች ነው። ጀልዴሳ ናቸው፣ ውሃ የላቸውም። ግን አንተ ትልቅ ሰው ስለሆንክ ንገራቸው፤ እዚያ ብቻ እንዲዘንብ ይለምኑ። እዚህ ከዘነበ ደቻቱ ይወስደናል።»

ሰውየውን አንተ አልኳቸው። ድሬ አንቱ የሚባለው ነገር ብዙ አልደረሰንም፤ የዚያን ዕለት ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው የደነገጠብኝ አንተ ስላልኳቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ነው።

እንግዳው ሣቁ። ከልባቸው ሣቁ። «እዩ እንግዲህ! ሕዝባችን ማለት ይሄ ነው። ሌላው ዘይት ዘይት ሲል፣ እነዚህ እናቶች ለአርብቶ አደር ወንድማቸው ይለምናሉ። የኔ ልጅ፣ አጎትሽ ማን ይባላል?»

«ዐብዲሐኪም።»

ስሙ ከአፌ ሲወጣ አዳራሹ ክው አለ። ከሆዮ አፍ ትንሽ፣ እንደ ጫጩት ያለ ድምፅ ወጣ። ይሳቅ ወንበሩን ተደገፈ።

እንግዳው ግን እኛን አያዩም፤ ካሜራውን ነው የሚያዩት። ቆሙ። ኮታቸውን አወለቁ። እጅጌውን ጎትተው ገለበጡትና፣ ወይን ጠጅ የሚያብለጨልጭ ገበሩን ወደ ውጭ አድርገው፣ መልሰው ለበሱት። የኮቱ ምልክት ማጅራታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

«እኔም ከናንተ ጋር ነኝ!»

«ያ አላህ!» አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ።

እንግዳው ልባቸው ተነካ። ሴቶቹ ግን የደነገጡት ሰውየው በገዛ እጁ ምን እንደለመነ ስለሚያውቁ ነው፤ ልብሱን የሚገለብጥ፣ ያለበት ኑሮ እንዲገለበጥ ነው የሚለምን። ኤዶ ፋዱማ «አስተውሉት፣ ማንም አላስገደደውም» አለች በሶማልኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

እንግዳው ቀጠሉ። «ከመመለሴ በፊት ጀልዴሳ ወርጄ ለዚህ አርብቶ አደር በእጄ ውሃ እሰጣለሁ። ቦቴ ይዘጋጅ። ካሜራው ይቅደም። እሱም ከነግመሎቹ ይቅረብ። አቶ ይሳቅ፣ ይቻላል?»

ይሳቅ በሩ ላይ ያለውን ሰው አየ። በሩ ላይ ያለው ሰው ይሳቅን አየ።

«ይ... ይኖራል፣ ክቡርነትዎ። ከነግመሎቹ።»

ቤት ስንገባ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። ሆዮ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ኤዶ ፋዱማ ትሥቃለች፤ ዕንባዋ እስኪመጣ ሣቀች፣ ከዚያ ሣቁ ቆሞ ዕንባው ብቻ ቀጠለ።

«ይቺ ልጅ አዳነችው ወይስ ገደለችው?» አለች ሆዮ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ግመል ከየት ያመጣሉ?»

«ማርያን፣ እነዚህ ዘይት ያጠፉ ሰዎች ናቸው፤ ግመል አያቅታቸውም። እኔን የሚያስፈራኝ፣ ሰውየው ለሰው በሚታይበት ሁኔታ ላይ ባይሆንስ?»

እኔ ይህን፣ አብቲ ሸሚዙ ቆሽሾ ይሆናል ብላ ነው ብዬ ያዝኩት። እሱ በቆሸሸ ሸሚዝ ካሜራ ፊት እንደማይቆም አውቃለሁና እኔም ተጨነቅሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ኻሊፍ ሻይ ቤት ገባ። ኻሊፍ ባቡሩ ሥራ ከማቆሙ በፊት የሀዲድ ሠራተኛ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ቴሌቪዥን ያለው እሱ ነበር። በዜናው ከብዙ ሪባን ቆረጣ በኋላ ጀልዴሳ መጣ። ውሃ ቦቴ። አቧራ። ግመሎች፣ እውነተኛ ግመሎች! ከዳር አንድ ሽማግሌ እረኛ ቆሞ ግመሎቹን ማን እንደወሰደበት ሊገባው አልቻለም። መሐል ላይ እንግዳው በወይን ጠጅ ገበራቸው። አጠገባቸው፣ በትር ትከሻው ላይ ጭነውበት፣ ግመሏ በተነፈሰች ቁጥር እየሸሸ፣ አብቲ ዐብዲሐኪም።

«አላልኳችሁም!» ብዬ ወንበር ላይ ዘለልኩ። «አላልኩም ግመል አለው!»

ማንም አላጨበጨበም። ኻሊፍ በራዱን አዘንብሎ ቀርቷል፤ ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ፣ ማስቀመጫውን ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። አብቲ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ የሚሰማው ግን የጋዜጠኛው ድምፅ ነው። «አርብቶ አደር ዐብዲሐኪም መንግሥት ስላደረገላቸው ድጋፍ አመስግነዋል።» ሸሚዙ ተገልብጧል፤ ስፌቱ ውጭ ነው፣ ኪሱ እንደ ጥላ ከሥር ይታያል። አንድ ብልጥ ሰው ክቡርነታቸውን ደስ ለማሰኘት ያስገለበጠው መስሎን ነበር። ክቡርነታቸውም ሸሚዙን እያሳዩ ደስ ብሏቸዋል።

«ከሳ» አለች ሆዮ።

«የግመል ወተት ብቻ ስለሚጠጣ ነው» አልኳት።

እንግዳው፣ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከሥልጣናቸው ተነሱ። ምክንያቱ እኛ ጋ አልደረሰም። ኤዶ ፋዱማ ግን ዜናውን ስትሰማ ምንም አልደነቃትም። «የሱ ዱዓ ቀድሞ ደረሰ» አለች። «ኮቱ ውድ ነዋ።» ዘይቱ አልመጣም። በኋላ ሲመጣ ዋጋው ሌላ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የዚያን ጊዜውን ዋጋ ለልጆች ስነግር የምዋሽ ይመስላቸዋል።

በቴሌቪዥን የታየን ሰው መልሶ መደበቅ ይከብዳል መሰለኝ፣ ዜናው በታየበት ምሽት በራችን ተንኳኳ። ይሳቅ ነው። አብቲን በብብቱ ደግፎታል።

«ማርያን፣ አምጥቼዋለሁ።»

«ከየት?» አለች ሆዮ። ድምፅዋ እንደ ምላጭ ነበር።

ይሳቅ አየኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ መሬቱን አየ። «ከጀልዴሳ» አለና ሄደ።

ሮጬ አብቲ ወገብ ላይ ተጠመጠምኩ። ዝም ብሎ ቆመ፤ ድሮ ወደ ላይ ያነሳኝ ነበር።

«አብቲ፣ ግመሎቹስ?»

ሆዮን አያት። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

«ጠጥተዋል» አለኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ኢዲሌ። ጠግበው።»

«አንተም ሸሚዝህን ገልብጠሃል! ዝናብ እየለመንክ ነበር አይደል?»

«አዎ» አለ። «ሌት ተቀን።»

እጁን ወደ ላይ ማንሳት ስላልቻለ ሸሚዙን ሆዮ ናት ቀስ ብላ ያወለቀችለት። እኔን ውጪ አለችኝ፤ አልወጣሁም። ኤዶ ፋዱማ ውሃ ልታመጣ ሄደች። ሆዮ ሸሚዙን ይዛ፣ ሴት ልጅ ከማጠቧ በፊት እንደምታደርገው፣ እጇ በልማዱ ወደ ቀኙ ገለበጠው። ሰማያዊው ወጣ። አብቲ በጣም የሚወደው፣ ፍርፋሪ እንዳይወድቅበት የሚሰስትለት ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ሆዮ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ዘረጋችውና እዚያው ደርቃ ቀረች።

ጀርባው ላይ በጥቁር የታተሙ ዱካዎች ነበሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተረገጠ። እኔ ወዲያው ገባኝ። ግመል ማለት ትልቅ እንስሳ ነው፣ ሲጠማው ይራገጣል፤ አብቲ ደግሞ ግመል አይችልም። ጠጋ ብዬ አየሁት። የግመል ኮቴ ክብና ለስላሳ መሆኑን ከቀፊራ ገበያ አውቃለሁ። እነዚህ ረዣዥም ናቸው። መሐላቸው ላይ መስመር መስመር አላቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ ተረከዝ።

«ሆዮ፣» አልኩ፣ «ግመል ጫማ ያደርጋል?»

ሆዮ ሸሚዙን እንደነበረ መልሳ ገለበጠችው።